ለኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች፦ ከ«ጊንጦቹ» ስኳድሮን ታሪክ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሬዲዮ ሥራ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ጋሼ፣ የሞገድ ትምህርት ጊዜው አላለፈበትም? አሁን እኮ ሁሉም ሶፍትዌር ነው» ትሉኛላችሁ። መልሴን በአንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ስኳድሮን (የአውሮፕላን ጓድ) ታሪክ ልንገራችሁ። ቪኤኪው 132 ይባላል፤ ቅጽል ስማቸው «ጊንጦቹ» ነው። ሰፈራቸው ከሲያትል ወደ ሰሜን፣ ዊድቢ ደሴት ላይ ነው።

ስኳድሮኑ በ1955 ሲቋቋም ሥራው ቦምብ መጣል ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1968 የኤሌክትሮኒክስ ውጊያ፣ ማለትም የጠላትን ራዳር በሞገድ የማወክ ሥራ፣ ተሰጠው። ምክንያቱም ቬትናም ውስጥ በራዳር የሚመራው የሶቪየት ሳም 2 ሚሳኤል አውሮፕላን እየጣለ አስቸግሮ ነበር። ከሚሳኤሉ ከመሸሽ ይልቅ የሚመራውን ራዳር ማወክ ይሻላል።

ፕራውለር የተባለውን ራዳር አዋኪ አውሮፕላን በ1971 ከዘመቻ ስኳድሮኖች ሁሉ ቀድመው የተረከቡት ጊንጦቹ ናቸው። በ1972 «አሜሪካ» በምትባለው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወደ ቬትናም ዘመቱ። ፕራውለር በ2019 ከአገልግሎት እስኪወጣ አራት ሰው ይይዝ ነበር። አንዱ ያበር ነበር፤ ሦስቱ የጠላትን ሞገድ ያዳምጡ፣ ይለዩ፣ ያውኩ ነበር። የሚያውከውን ሞገድ የሚለቁት ማሰራጫዎች የሚንጠለጠሉት ከክንፉና ከሆዱ ሥር ነበር። በእያንዳንዱ ማሰራጫ አፍንጫ ላይ ትንሽ ፕሮፔለር ነበረች። ነፋስ ሲያሽከረክራት ለማሰራጫው የኤሌክትሪክ ኃይል ታመነጭ ነበር። ሰዎቹ የሚቀመጡበት የኮክፒቱ መስታወት ደግሞ ስስ የወርቅ ቅብ ነበረው፤ የራሳቸው ማሰራጫ የሚለቀው ሞገድ እንዳይጎዳቸው ነው። አንቴና አጠገብ የሠራ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል።

ይህ ሙያ ጭብጨባ የለውም። ሚሳኤሉ ካልመታ፣ ፓይለቱ ቤቱ ከገባ፣ ሥራው ተሠርቷል ማለት ነው። ዜና አይሆንም። የአሜሪካ አየር ኃይል የራሱን ራዳር አዋኪ አውሮፕላን በ1998 ከአገልግሎት አወጣ። በዓመቱ የኮሶቮ ጦርነት ሲመጣ ሸክሙ ሁሉ ፕራውለሮቹ ላይ ወደቀ። ጦርነትን እንድትወዱ አይደለም የምነግራችሁ። የማይታይ ሥራ ምን ያህል እንደሚከብድ እንድታዩልኝ ነው።

ወደ ሶፍትዌሩ ልመለስ። ጊንጦቹ ግራውለር የተባለውን አዲሱን አውሮፕላንም ቀድመው ለዘመቻ ያበቁ ናቸው። በ2011 ከኢራቅ ወደ ጣሊያን ተዛውረው ሊቢያ ላይ አሰማሩት። ግራውለር የሚይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ የሌሎቹን ሥራ ኮምፒውተር ወስዶታል። እዚህ ላይ ልክ ናችሁ። ግን ከክንፉ ሥር የተንጠለጠለው ማሰራጫ ያው የፕራውለሩ ቤተሰብ ነው፤ ከቬትናም ጀምሮ እየተሻሻለ የመጣ። ተተኪው ለዘመቻ የወጣው ገና በ2024 ነው፤ እሱም በሌላ ስኳድሮን፣ በቪኤኪው 133። ኮምፒውተሩ ስንት ጊዜ ሲቀየር የሞገድ ሕግ ግን አልተቀየረም።

ሕጉን ላሳያችሁ። የራዳር ሞገድ ሄዶ፣ ዒላማው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምላሹ 16 ጊዜ ይደክማል። የአዋኪው ሞገድ ግን የሚጓዘው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ 4 ጊዜ ብቻ ነው የሚደክመው። ስለዚህ ከሩቅ ትንሽ ማሰራጫ ግዙፍ ራዳርን ያሳውራል። አውሮፕላኑ ሲጠጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የራዳሩ ምላሽ በርትቶ ዒላማው ከጫጫታው መሀል ብቅ ይላል። የአውሮፕላኑ ሰዎች በየበረራው የሚጨነቁት ነገሩ ስለሚገለበጥበት ርቀት ነው።

በኮምፒውተር የሚያስመስለውን ሲሙሌሽን ከመክፈታችሁ በፊት ያንን ርቀት በእርሳስ አስሉት። የራዳሩን ኃይል፣ የአንቴናውን ጌይን (ኃይልን ወደ አንድ አቅጣጫ የማጠናከር አቅሙን)፣ ዒላማው ለራዳሩ የሚታይበትን ስፋት ራሳችሁ ገምቱ። ከዚያ የአዋኪውን ኃይል በእጥፍ ጨምሩና ርቀቱ ስንት እንደሚቀንስ እዩ። በግማሽ የሚቀንስ ከመሰላችሁ ቀመሩን ደግማችሁ ተመልከቱት።