ቅጠሉና አይቡ ቤት ሳይደርስ እንዳይበላሽ

ከገበያ የገዛሻቸው አይብና ቅጠል ቤት ሳትደርሺ ለምን እንደሚበላሹ ጠይቀሻል። አይቡ የኮመጠጠብሽና ቅጠሉ የጠወለገብሽ ከሌላው ዕቃ ቀድመሽ ስለገዛሻቸው ነው። ቅርጫትና ሸክላ ስታማርጪ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆዩ። ቅደም ተከተሉን ገልብጪው።

ገበያው እንደተከፈተ ዞር ዞር ብለሽ ጥሩ ቅጠል ያለውን ለዪ። ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ ከፍለሽ «አቆዩልኝ» በይ። ከዚያ የእደ ጥበቡን ዕቃ፣ ቀጥሎ ድንችና ካሮት ግዢ። ቅጠልና አይብ መውጫሽ ላይ ይሁን።

ቅጠሉን በረጠበ ጨርቅ ጠቅልይው። በፌስታል ከቋጠርሽው ውስጡ ያልበውና ይበሰብሳል። ቤት እስክትደርሺም አትጠቢው። አይቡ በረዶ ባለበት ማቀዝቀዣ ሳጥን ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይበልጥ ይቀመጥ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ቅጠሉንም ሳጥኑ ውስጥ ካስገባሽ ከበረዶው ጋር እንዳይነካካ መሃላቸው ወፍራም ፎጣ አድርጊ፤ በረዶ የነካው ቦታ ይጠቁራል። ቲማቲም ከገዛሽ ግን ከሳጥኑ ውጭ ተይው፤ ቅዝቃዜ ጣዕሙን ሊቀንሰው ይችላል።