ጌሾው ይቆይ፣ ፕላስቲኩ ይቅር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከአዘዞ ነው የምጽፍልዎት። ከቤታችን ጀርባ 4 ሜትር በ6 ሜትር የሆነች ጓሮ አለችን። ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ ናት። ቤቱ ሲሠራ የተረፈ ጥቁር ድንጋይና ብሎኬት ጥግ ላይ ተከምሯል። ግንቡ ሥር አንድ ያረጀ ጌሾ አለ፤ አማቴ «እሱን እንዳትነኩብኝ» ብለዋል። እኔ ቲክቶክ ላይ የማየው ዓይነት ዘመናዊ ግቢ አምሮኛል፤ አርቴፊሻል ሳር፣ ነጭ ጠጠርና መብራት ያለው። ባለቤቴ ደግሞ «ሊሾ አድርገን እንገላገል» ይላል። ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። ያጠራቀምኩት 25 ሺህ ብር ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሦስታችሁ ልክ የሆኑት አማትሽ ናቸው።

እስቲ እነዚያን ቪዲዮዎች ደግመሽ እያቸው። የድንጋዩ ዓይነት አንድ ወይ ሁለት ነው። ተክሉም ሁለት ሦስት ዓይነት፣ በመስመር የተደጋገመ። የቀረው ባዶ ቦታ ነው፤ ባዶ ቦታ ደግሞ ብር አይጠይቅም። ፋሲል ግንብ ብትሄጂም ይኸው ነው። ግድግዳው ጠቆር ያለ ድንጋይ፣ በርና መስኮቱ ዙሪያ ቀላ ያለ ድንጋይ፣ አለቀ።

አርቴፊሻል ሳሩን እርሺው። የየካቲት ፀሐይ ሲያገኘው ይግላል፣ ልጆቹ በባዶ እግር አይረግጡትም። አቧራም ይይዛል፤ አጥበዋለሁ እንዳትይ ውሃው በፈረቃ ነው። ነጩ ጠጠር አንድ ክረምት ካለፈበት የጭቃ መልክ ይይዛል። ባለቤትሽ ግማሽ እውነት አለው። ግን ጓሮውን ሙሉ በሙሉ ከደፈናችሁት የሐምሌ ዝናብ ወይ ወደ ቤታችሁ ወይ ወደ ጎረቤት ግንብ ነው የሚሄደው። ከጎረቤት መጣላት ደግሞ ከ25 ሺህ ብር በላይ ያስወጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ የመሬቱን ተዳፋት አስተካክሉ። አሁን በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ካስማ ትከሉና ሲባጎ ወጥሩ። መሬቱ ከቤቱ ግድግዳ እየራቀ በየ1 ሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል። ፎቶ ላይ አይታይም፤ ብሩ ግን መጀመሪያ እዚህ ላይ ይውጣ። ከዚያ ቤቱን ተከትሎ 2 ሜትር ስፋት ያለውን ቦታ በዚያው በተከመረው ድንጋይ አንጥፉት፣ ጠፍጣፋ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ። ለልጆቹም ለቡናውም ይበቃል። ለቀሪው ግማሽ ተራ የግንባታ ጠጠር፣ 5 ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት አልብሱት። 12 ካሬ ሜትር ስለሆነ የሚፈጀው 0.6 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ሙሉ ሲኖትራክ ካላራገፍኩልሽ የሚል ቢመጣ አትስሚው።

ብሎኬቱን መቀመጫ አድርጉት። የአንዱ ከፍታ 20 ሳንቲሜትር ነው። ሁለት ሁለቱን ደርባችሁ 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ብትጭኑበት 45 ይመጣል፤ ለመቀመጥ ልኩ ነው። ቀዳዳውን ኮንክሪት ሙሉበት፤ ልጆች መግፋታቸው አይቀርም።

ወደ ጌሾው ልምጣ። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ያብረቀርቃል። እንዲህ ያለ ያደገ ተክል ልግዛ ብትዪ ብርሽ በዚያው ባለቀ ነበር። ከሥሩ የወጡትን ቀጫጭን ቅርንጫፎች እስከ ጉልበት ድረስ አጽጂና ሦስት አራት ግንድ ብቻ ይታይ። የቆረጥሽውን አትጣዪ፤ አማትሽ አስጥተው ለጠላ ያደርጉታል። ከኋላው ያለውን ግንብ ነጣ ያለ ቀለም ቀቢው። የታችኛውን 40 ሳንቲሜትር ግን ጥቁር ግራጫ አድርጊው፣ የዝናብ ፍንጣቂ እንዳያስጠላው። ከዚህ በኋላ ዓይን የሚያርፈው ጌሾው ላይ ነው።

ሌላውን ተክል ሐምሌ ላይ ብትተክዪው ይደርሳል። በግንቡ ርዝመት ጠጅ ሳር በ50 ሳንቲሜትር ልዩነት፣ በሲባጎ ልክ አሰልፊ። ከጎረቤት ሁለት ሦስት ነቅል ብትለምኚ እየገነጠልሽ መስመሩን ትሞያለሽ። ልጆቹ የማይሮጡበት ጥግ ላይ እሬት ትከዪ። ይበቃል። ፊከስ ግን ግንብ አጠገብ እንዳትሞክሪ። ፋሲል መዋኛ የዛፉ ሥር ግንቡን እንዴት ጨምድዶ እንደያዘው አይተሻል። እዚያ ቱሪስት ፎቶ ያነሳዋል፤ የአንቺ ግንብ ሲሰነጠቅ ግን የሚመጣው ግንበኛ ነው።

መብራቱ ይቆይ፣ ለጊዜው አንድ አምፖል በቂ ነው። ብር ከተረፈ ለአሸንዳና ለበርሜል ይሁን። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ቢወርድ ወደ 400 ሊትር ውሃ ነው፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሁለት ይሞላል። የበርሜሎቹን አፍ ግን ክደኚው። ልጆች አሉሽ፣ ትንኝም ክፍት ውሃ ካገኘ ይፈለፈላል።