«ለማንም እንዳትናገር» አለኝ

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። የ48 ዓመት ጎልማሳ ነኝ። አራት ወንድማማቾች ነን። የ59 ዓመቱ ታላቃችን ለወራት «ወገቤን» ሲል ከረመ። ብርድ ነው፣ ፍራሹ ነው ስንል ቆየን። ሲመረመር የፕሮስቴት ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ አጥንቱ ድረስ ዘልቋል። አሁን የሆርሞን ሕክምና ላይ ነው። የምናውቀው እኔና ባለቤቱ ብቻ ነን። «ወንድነቱ አበቃለት ይሉኛል» ብሎ ለሌሎቹ እንዳልናገር አስምሎኛል። እኔን ግን ባየኝ ቁጥር «ሂድና ተመርመር» ይለኛል። እኔ ምንም አይሰማኝም። ሽንቴ እንደ ልብ ይወርዳል፣ ሌሊትም አያስነሳኝም። እውነቱን ለመናገር ያ በጣት የሚደረገው ምርመራ ገና ሳስበው ይዘገንነኛል። ደህና ሆኜ ሳለ ምን አስኬደኝ? መሐላዬስ?

ምስጢር የከበደኝ

መልስ

ሰላም ወንድሜ። ለታላቅህ ምሕረቱን ያምጣለት።

ከ«ምንም አይሰማኝም» ልጀምር፤ ብዙ ወንድ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ ናት። የሽንት ቧንቧ በመሐሏ ያልፋል። ከዕድሜ ጋር የሚመጣው፣ ካንሰር ያልሆነው እብጠት መሐሏ ላይ ስለሚሆን ቧንቧውን ይጫናል። ሌሊት የሚያስነሳው በአብዛኛው እሱ ነው። ካንሰሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቧንቧው ራቅ ብሎ፣ ጠርዟ ላይ ነው። ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል። ሽንትህ እንደ ልብ መውረዱ ደስ ይላል፤ ስለ ካንሰር ግን ምንም አይነግርህም።

አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው እጥፍ ገደማ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው፣ ለጥቁር ወንዶችም ጭምር፣ ብዙ የሕክምና መመሪያዎች ቢዘገይ በ45 ዓመት ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ ይላሉ። አንተ አልፈሃል።

ጣቱን ለጊዜው እርሳው። መጀመሪያ የሚመጣው ፒኤስኤ የሚባል የደም ምርመራ ነው፤ ፕሮስቴት የምታመነጨው ፕሮቲን በደም ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ይለካል። ከክንድህ ደም ይቀዳል፣ አለቀ። የጣቱ ቢያስፈልግ እንኳ አንድ ደቂቃ አይሞላም። በጎንህ ተኝተህ ጉልበትህን ወደ ደረትህ ትሰበስባለህ፤ ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ ዕጢዋ ላይ ጠጠር ያለ ነገር መኖሩን ይዳስሳል። ደስ አይልም፣ ግን በቃ ይኸው ነው።

ደም ከመስጠትህ በፊት ለሁለት ቀን ከግንኙነትና ከብስክሌት ተቆጠብ፤ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። እብጠትና ኢንፌክሽንም እንዲሁ። ስለዚህ ከፍ ብሎ ቢመጣ ካንሰር ነው ብለህ አትደንግጥ። ይደገማል፣ ኤምአርአይ ይታያል፣ ካስፈለገ ናሙና ይወሰዳል። ካንሰር ሆኖም እንኳ ቀስ የሚለው ዓይነት በክትትል ብቻ ሊያዝ ይችላል። በ2023 ውጤቱ የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ካንሰሩ ከዕጢዋ ሳይወጣ የተገኘባቸውን 1,643 ወንዶች ለ15 ዓመት ገደማ ተከታትሏል። ቀዶ ሕክምናም ይሁን ጨረር ወይም ክትትል ብቻ፣ ከመቶ 97ቱን በሽታው አልገደላቸውም። ቀዶ ሕክምናና ጨረር ሽንት መቆጣጠርንና ግንኙነትን ሊነኩ ይችላሉ፤ ይህን ደብቆ «ተመርመሩ» ማለት አልወድም። ሐኪምህን ሳታፍር ጠይቀው።

ወደ መሐላህ ልምጣ። አታፍርሰው። ግን አንተን በሹክሹክታ «ሂድ» እያለ ሁለቱን ዝም ማለቱ ልክ አይደለም፤ ደማቸው አንድ ነው። ለብቻው አግኘውና «ለእኔ የነገርከኝን ለእነሱም ንገራቸው፤ ከፈለግህ አብሬህ እቀመጣለሁ» በለው። እስከዚያው አንተ ተመርምረህ «እኔ ፒኤስኤ ተሠርቼ መጣሁ፣ እናንተም ሂዱ» ብትላቸው መሐላ አልፈረሰም። ግን ይህ ጊዜ መግዣ ብቻ ነው። ሐኪም «በቤተሰብ አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «የለም» ይላሉ፣ መልሱም ያሳስታል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ካንሰሩ ስለተሰራጨ ሐኪሙን ስለ ዘረመል ምርመራ ጠይቁት። ቢአርሲኤ2 የሚባለው ዘረመል ላይ እክል ከተገኘ ነገሩ የወንዶቹ ብቻ አይሆንም፤ በቤተሰቡ እክሉን የወረሱ ሴቶችም ለጡትና ለእንቁላል ዕጢ ካንሰር ይጋለጣሉ። ሴት ልጆች ካሉት ይህንን አንሳለት። ለወንድሞቹ ያፈረ አባት ለሴት ልጁ ሲሆን ሊናገር ይችላል።