የአያትሽ ሽጉጥ የዓድዋ ነው ወይስ የአምስቱ ዘመን?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ከነፎቶው አየሁት። ከአያትሽ የተረፈው ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ በቤተሰቡ ሲነገር የኖረው የዓድዋ ምርኮ ተብሎ ነው፤ አጎትሽ ደግሞ የለም፣ በአምስቱ ዘመን የተማረከ ነው ይላሉ። እዚህ ደሴ እንዲህ ያለ ውርስ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ሳማክር ብዙ ዓመት ሆኖኛልና የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ጥይት ጎርሶ እንደሆነ መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ይይልሽ። ያረጀ ጥይት ተጣብቆ ከተገኘ ማንም በሚስማር ወይም በመዶሻ እንዳይነካው።

ከፎቶው እንደማየው አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን ነው፤ ምላጩ ወደፊት ይታጠፋል፤ በዙሪያው መከላከያ ቀለበት የለውም። ይህ የጣሊያኑ ቦዴዮ፣ ሞዴል 1889፣ ለተራ ወታደር የተሠራው ዓይነት ይመስለኛል። የመኮንኖቹ አፈሙዙ ክብ ነው፣ ምላጩም ቀለበት አለው። ጥይቱ 10.35 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚጎርሰው በቀኝ በኩል ባለች ትንሽ በር አንድ በአንድ ነው። በሩ ሲከፈት ምላጩ ከበሮውን ብቻ ያዞራል፣ መቺው አይነሳም። ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ይህን የሚያውቅ ሰው ቢሞክርልሽ ጥሩ ምልክት ነው።

ዓመቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ብረት ላይ የተመታው ቁጥር በእነሱ አቆጣጠር ነው። 1889 የሚለውን በእኛ አስበው «ከዓድዋ በኋላ ነው ማለት ነው» የሚሉ አጋጥመውኛል፤ በእኛ ግን 1881 ወይም 1882 ነው፣ ዓድዋ ደግሞ የካቲት 23 ቀን 1888። ሌላው፣ 1889 የሞዴሉ መለያ እንጂ ያንቺው ሽጉጥ የተሠራበት ዓመት አይደለም። ቦዴዮ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ይሠራ ነበር። ስለዚህ አካሉ ጎን ላይ የሠሪውን ስምና ሌላ ዓመት ፈልጊ። 1916 የሚል ብታገኚ በእኛ 1908 ወይም 1909 ነው፤ የዓድዋው ወሬ እዚያው ላይ ያበቃል። ኤይባር የሚል ካለበትም እንዲሁ፤ እሱ በዚያው ጦርነት ጊዜ ለጣሊያን በስፔን የተሠራ ነው።

በተቃራኒው 1894 ቢልስ? የዓድዋ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ያው የድሮ ቦዴዮ በ1928ቱ ወረራም በጣሊያኖች እጅ ነበር፤ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ሲገቡም ይዘውት ሊሆን ይችላል። የዘገየ ዓመት የዓድዋውን ታሪክ ያፈርሰዋል፣ የቀደመ ዓመት ግን አያጸናውም። በእኔ እምነት አጎትሽ የሚሉት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። አያትሽ በየትኛው ዘመን እንደዘመቱ ከሽማግሌ ጠይቀሽ ከብረቱ ጋር አስተያዪው።

ቅርጹ አሳስቶኝ ጣሊያን ካልሆነ ማኅተሙ ይናገራል። በሞላላ ክብ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላትና ኮከብ ካሉ በቤልጂግ ሊዬዥ የተፈተነ ነው፤ ከላዩ ዘውድ ካለው እ.ኤ.አ. ከ1893 ወዲህ ነው። የፈረንሳዩ ሞዴል 1873 ምላጩ ቀለበት አለው፣ ጥይቱም 11 ሚሊ ሜትር ነው። ሰባት ቀዳዳ ያለው የሩሲያ ናጋን ነውና ያንቺ አይደለም። እጀታው ቀንድ መሆኑ አያወናብድሽ፤ አገር ቤት የተቀየረ ይመስላል፣ ስለ ሥሪቱ ዘመን ምንም አይነግረንም። ግን ቀንዱን በሌላ አትቀይሪው፣ እሱም የቤተሰቡ ታሪክ ነው።

አደራ፣ በብርጭቆ ወረቀት፣ በሎሚም ሆነ በአመድ እንዳይፈተግ! ዝገቱ አብሮ ፊደሉን ይዞት ይሄዳል። ደረቅ ጨርቅና ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል። የደሴ ሙዚየም በ2014 ከተዘረፈ ወዲህ በየቤቱ የቀረ እንዲህ ያለ ቅርስ ሲበላሽ ሳይ አንጀቴ ያርራል። ፈቃዱን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ሽጉጡን ይዘሽ ከመንቀሳቀስሽ በፊት ፖሊስ ጠይቂ።

አሁን በቀኝና በግራ ጎኑ ላይ ጠመኔ በስሱ አሽተሽ፣ ባትሪውን ከጎን አብርተሽ ፎቶ አንሺና እዚሁ ላኪልን። የሽጉጡን ሙሉ ተከታታይ ቁጥር ግን ሸፍኚው።