የጣና ውኃ ጨው የለውም፤ ታዲያ ሞተሩ ለምን ይታጠባል?

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ዘጌ በባለ 15 ፈረስ ጉልበት የጀልባ ሞተር እመላለሳለሁ። ሞተር ከባሕር ሲወጣ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል ይባላል። ጣና ላይ ለምንሠራውም ያስፈልጋል?

መልስ፦ ጨው ባይኖርም ደለል አለ። በክረምት ግልገል አባይ፣ ጉማራና ርብ የሚያመጡት ጭቃ የማቀዝቀዣ መስመሩ ውስጥ ይጋገራል፤ እምቦጭ ደግሞ የውኃ መሳቢያውን ይደፍናል። ስለዚህ ከደፈረሰ ውኃ በወጡ ቁጥር ይጠቡት።

በርሜል ይበቃል፤ ግን ደጅ ላይ እንጂ ቤት ውስጥ አይሁን፣ ጭሱ አደገኛ ነው። ፕሮፔለሩን ይፍቱ፣ ሞተሩን ቀጥ አድርገው በርሜሉ ውስጥ ያስሩ፣ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት እስኪሰጥም ውኃ ይሙሉ። ማርሹን ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት) አድርገው በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡ በዝቅተኛው ዙር፣ 10 ደቂቃ ያህል ያሠሩት። ያለ ውኃ ግን ለጥቂት ሴኮንድም አያስነሱ፤ ማቀዝቀዣውን ውኃ የሚስበውን ፓምፕ የጎማ ክንፎች የሚያለሰልሳቸው ውኃው ራሱ ነው፣ ደርቀው ከተሽከረከሩ ይቃጠላሉ።

ዓይንዎ ከሞተሩ ኋላ በምትፈሰው ቀጭን ውኃ ላይ ይሁን። ከሳሳች ወይም ከቆመች ወዲያው አጥፍተው ቀዳዳዋን በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይጎርጉሩ። ካልተሻላት አሸዋ የፓምፑን ጎማ በልቶት ይሆናል፤ አስፈትሸው ያስቀይሩት። ከክንፎቹ የጎደለ ካለ ቁራጩን ሳያገኙ አይግጠሙ፣ መስመሩ ውስጥ ተቀርቅሮ አዲሱንም ያበላሻል። በመጨረሻ ሞተሩን ሳያጋድሙ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ያንጠፍጥፉት።