ኤዲፐስን ለፈተና እያነበብሽ ለጠየቅሽን እህት

እህቴ፣ የሶፎክለስን «ኤዲፐስ ንጉሥ» እያነበብሽ ሃማርቲያ፣ ፔሪፔቲያ፣ አናግኖሪሲስ፣ ካታርሲስ የሚሉት ቃላት እንደተምታቱብሽ ጽፈሻል። እኔም ደሴ ስማር የወደቅሁት እዚሁ ላይ ነው። ትርጉማቸውን ሸምድጄ ገባሁ። ፈተናው ግን ከተውኔቱ አንድ ገጽ አውጥቶ «እዚህ ጋ ምን ሆነ?» አለኝ። እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ሰዓቱ አለቀ።

ያዳነኝ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ክረምት ነበር፤ ሰኞ ገበያ አካባቢ በተከራየናት ክፍል ሦስት ሴቶች ሆነን ሚና ተከፋፈልን። (በሶፎክለስ ጊዜም ተናጋሪ ተዋንያኑ 3 ብቻ ነበሩ፤ ጭምብል እየቀያየሩ ሁሉንም ይጫወታሉ።) ከቆሮንቶስ የመጣው መልእክተኛ ጋ ደረስን። ሰውዬው ይዞ የመጣው የምሥራች ነው፦ አባትህ የቆሮንቶስ ንጉሥ ፖሊቡስ ሞቷል፣ ዙፋኑ ያንተ ነው። ኤዲፐስ «አባትህን ትገድላለህ» የተባለው ትንቢት ከሸፈ ብሎ እፎይ ይላል፤ እናቱን የማግባቱ ነገር ግን አሁንም ያስፈራዋል። መልእክተኛው ሊያረጋጋው ብሎ ፖሊቡስ እንዳልወለደው፣ ቁርጭምጭሚቱ ተበስቶ ከተራራ ላይ የተገኘ ሕፃን እንደነበር ይነግረዋል። ይሄኔ የኤዲፐስን ሚስት፣ በእውነቱ ግን ወላጅ እናቱን፣ ዮካስታን የምታነበው ጓደኛችን ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «አወቀች! እሷ አውቃለች፣ እሱ ገና ነው» አለች። እውነትም ዮካስታ ከዚያ ወዲያ የምትለው ሁሉ «ተወው፣ አትጠይቅ» ነው።

የምሥራቹ መርዶ ሆኖ ሲገለበጥ ፔሪፔቲያ ነው፤ እነዚህን ቃላት ስለ ተውኔት ሲጽፍ የተጠቀመባቸው ፈላስፋ አርስቶትል ራሱ ምሳሌ ያደረገው ይህንኑ መልእክተኛ ነው። አናግኖሪሲስ ደግሞ ማወቁ ነው፤ ለዮካስታ እዚሁ፣ ለኤዲፐስ ሕፃኑን ለመልእክተኛው የሰጠው ሽማግሌ እረኛ ተጠይቆ ሲናገር።

ሃማርቲያ ላይ ብዙ ማስታወሻ «የጀግናው የባሕርይ ጉድለት፣ ትዕቢት» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። በግሪክኛ ቃሉ ቀስት ወርዋሪ ዒላማውን ሲስትም ያገለግላል። እኛም «ሳተ» እንላለን፤ «ስሕተት» የመጣው ከዚያው ነው። ኤዲፐስ መንታ መንገድ ላይ የገደለው ሰው አባቱ መሆኑን አያውቅም። ቁጣው አለ፣ አልክድም። ግን «ትዕቢት» ብለሽ ከዘጋሽው ለምን እንደምናዝንለት ማስረዳት ያቅትሻል፤ አርስቶትል እንደሚለው የምናዝነው መከራው ለማይገባው ሰው ነውና።

ካታርሲስን አርስቶትል ጠቅሶት ብቻ ስላለፈ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ማስወጣት ነው ወይስ ማጥራት? እኔ የገባኝ ልቅሶ ቤት ነው። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ለሟቹ ብለሽ የጀመርሽው እንባ የራስሽንም ሐዘን ይዞ ይወርዳል፤ ስትመለሺ «ወጣልኝ» ትያለሽ። ተውኔቱ በፍርሃትና በሐዘኔታ የሚያደርገው ይህንን ይመስለኛል።

የቀሩት ቀላል ናቸው። ኤዲፐስ የቀድሞውን ንጉሥ፣ የወላጅ አባቱን የላዮስን ገዳይ ሲረግም ራሱን መርገሙን እኛ እናውቃለን፣ እሱ አያውቅም፤ ምጸት ይሄ ነው። ኮረሱ (የዘማሪዎቹ ቡድን) ኤዲፐስ የሚገዛት የቴቤስ ከተማ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እንደ መንዙማ ተቀባይ አብረው ያዜማሉ፣ ግን ይሰጋሉም፣ ይመክራሉም።

እርሳስ ያዢና ቃሉን ድርጊቱ ካለበት መስመር ጎን ጻፊው። ከመልእክተኛው ጀምሪ፤ የሚያነብልሽ ሰው ካገኘሽ ዮካስታን አንቺ ያዢ።