ለጀማሪ የሂሳብ ሠራተኞች፦ ሁሉም በአንድ ቁና አይሰፈርም

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ላፕቶፑን ታቅፎ ቤቴ መጣ። ለአንድ ዳቦ ቤት የሠራውን የወር ሪፖርት ሊያሳየኝ ነው። ሠንጠረዡ ያምራል፣ ግራፉ ባለቀለም ነው፣ ትርፉና ኪሳራው እስከ ሳንቲም ተሰልቷል። «የቤቱ ባለቤት ግን አንዴ አየት አድርገው አስቀመጡት፤ ከዚያ ወዲህ አልከፈቱትም» አለኝ ቅር ብሎት። «ከእንቅልፋቸው ስንት ሰዓት ነው የሚነሱት?» አልኩት። አያውቅም። ሴትዮዋ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተው ሊጥ የሚያስቦኩ ናቸው። ማወቅ የሚፈልጉት ትናንት ከአንድ ኩንታል ዱቄት ስንት ዳቦ ወጣ፣ ከየሱቁ ስንቱ አድሮ ተመለሰ፣ ዛሬ መብራት ይኖራል ወይ የሚለውን ነው። በወር መጨረሻ የሚመጣው ወረቀት ለግብር ይጠቅማቸው ይሆናል። ነገ ስንት ኩንታል ይቦካ ለሚለው ግን መልስ የለውም።

በልጁ አልፈረድኩበትም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፣ እንዲያውም የባስኩ።

ሥራ የጀመርኩት ቡና ላኪ ዘንድ ነው። በ1986 ዓ.ም. ሰኔና ሐምሌ ላይ ብራዚል ውስጥ ውርጭ ሁለት ጊዜ ወርዶ ቡናውን መታው፤ የኒው ዮርክ የቡና ገበያ ዋጋም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ እጥፍ ተጠጋ። አለቃዬ በዚያ ሰሞን የእኔን መዝገብ ዞር ብሎ አላየውም። ዓይኑ ፋክሱ ላይ ነበር። ዋጋው የሚመጣው በፓውንድ ክብደት፣ ያውም በአሜሪካ ሳንቲም ነው። እኛ የምንገዛው በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ነው። የሚጫነው ደግሞ 60 ኪሎ በሚይዝ ጆንያ። ይህን ወደዚያ፣ ያንን ወደዚህ በእርሳስ በአምስት ደቂቃ የምመልስለት እኔ ነበርኩና ተወደድኩ። የዓመቱን ሂሳብ አሳምሬ ስለዘጋሁ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። የእሱ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ዛሬ ብሸጥ ነገ ይቆጨኛል ወይ? መልሱ እኛ ቢሮ ውስጥ የለም፤ ከውጭ ነው የሚመጣው። በዚያ ዘመን ቀድሞ የሰማ ያተርፍ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀምሮ፣ ዋጋውን በየገበያው ከተማ በሰሌዳና በስልክ ማሰማት ሲጀምር፣ በወሬ ብልጫ ብቻ ይኖር የነበረ ሰው ሁሉ ሌላ መላ መፈለግ ነበረበት።

ይህን የቡና ጭንቅላቴን ይዤ ነው ፋርማሲ የገባሁት። አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል። ብዛት፣ የተገዛበት ዋጋ፣ የሚሸጥበት ዋጋ፣ ሁሉንም በሥርዓት አስገባሁ። ሰኔ 30 ቆጠራ ሲደረግ መዝገቡና መደርደሪያው ፍሬ በፍሬ ተገናኙ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ፋርማሲስቷ አንዱን ካርቶን አንስታ ገልበጥ አደረገችና ቀኑን አሳየችኝ። ጊዜው አልፏል። ቀጣዩም፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውም። በእኔ መዝገብ ሀብት የነበረው በሕግ ሥርዓት፣ ያውም በራሳችን ወጪ የሚወገድ ቆሻሻ ሆኖ ተገኘ። ለካ መድኃኒት ቤት ውስጥ በሁለት የተለያየ ባች (በአንድ ዙር አብሮ የተመረተ ማለት ነው) የመጣ አንድ መድኃኒት ሁለት ዕቃ ነው፤ ቀድሞ የገባው ሳይሆን ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ነው ቀድሞ መውጣት ያለበት። ኢንሱሊን ያለበት ፍሪጅ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መቆየቱን በየቀኑ መጻፍም የነርሶች ሥራ ይመስለኝ ነበር። የንግዱ ዋና መዝገብ እሱ ነበር። እኔ ግን ለማብቂያ ቀን የሚሆን አንድ ዓምድ እንኳ አላሰመርኩም።

አበባ እርሻ ደግሞ ቀንም ብዙ ነው። ጠዋት የተቆረጠ ጽጌረዳ ቀዝቃዛ ክፍል እስኪገባ ድረስ ያለው ሰዓት ገንዘብ ነው። ኔዘርላንድ፣ አልስሜር ያለው ጨረታ ዋጋውን ከላይ ጀምሮ ወደ ታች እየቀነሰ የሚቆጥር ሰዓት አለው፤ ቁልፉን ቀድሞ የተጫነው ገዢ ይወስዳል። እዚህ ያለው አምራች የሚፈልገው በየርዝመቱ ስንት ዘንግ እንደወጣና አውሮፕላኑ ላይ ቦታ መኖሩን ነው። ከፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን በፊት ያሉት ጥቂት ቀናት የዓመቱን ዕድል ስለሚወስኑ፣ ጽጌረዳው የሚገረዝበት ቀንም ከዚያ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው። ግንባታ ላይ ብዙ አልቆይም፤ እዚያ እንቅልፍ የሚነሳው ያልጸደቀ የክፍያ ሰርተፊኬት፣ ማለትም ለተሠራው ሥራ ይከፈል የሚለው ወረቀት ነው።

ታዲያ ለምን እንሳሳታለን? እኔ ጥፋቱን በግማሽ በግብር ቅጹ ላይ እጥላለሁ። ዳቦ ቤቱም፣ ላኪውም፣ ፋርማሲውም ዓመት ሲዘጋ ተመሳሳይ ነገር ይጠየቃሉ፤ ትምህርት ቤትም የሚያስተምረን ያንኑ ነው። ስለዚህ ንግድ ሁሉ አንድ ይመስለናል። መንግሥት የሚጠይቀውን መመለስ ግዴታችሁ ነው፣ እሱን አልነካም። ግን አዲስ ቤት ስትገቡ የመጀመሪያውን ሳምንት ኮምፒውተር አትክፈቱ። ባለቤቱ አጠገብ ተቀመጡ። ጠዋት ስልክ ሲያነሳ ቀድሞ ለማን ይደውላል? ምን ብሎ ይጠይቃል? መልሱን ሲሰማ ምን ያደርጋል? ሰምቶ ምንም የማያደርግበትን ቁጥር ለጊዜው ተዉት። ሲስተም ሻጮች ይህን ምክር እንደማይወዱት አውቃለሁ።

ለባለቤቱ የሚበቃው መረጃ ለቤቱ ሁሌም ይበቃል ማለቴ ግን አይደለም። መርካቶ ውስጥ የማውቃቸው አንድ የጨርቃ ጨርቅ ጅምላ ነጋዴ ነበሩ። የማን ኮንቴይነር ጅቡቲ እንደቆመ፣ የማን ሞጆ ደረቅ ወደብ እንደገባ ያውቃሉ። ዱቤ ለማን እንደሚሰጥና ለማን እንደማይሰጥም ያውቃሉ። ሂሳቡን ላደራጅልዎት ብላቸው ግንባራቸውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው ሳቁብኝ። ለእሳቸው በቂ ስለነበር እኔም ተውኩት።

በድንገት ታመው ሲያርፉ ልጃቸው ጠራኝ። የዱቤ ደብተሩ ላይ ስም የለም፤ ክብ፣ ጭረት፣ መስቀል፣ አልፎ አልፎም ቅጽል ነው ያለው። ከልጁ ጋር ሦስት ሳምንት ተቀመጥን። አንዳንዱ ባለዕዳ መርዶውን ሰምቶ ብሩን ራሱ ይዞ መጣ፤ አንዳንዱን ደላሎች ለዩልን። በትልቁ ቁጥር ትይዩ የተጻፈው «ረጅሙ፣ የባሕር ዳሩ» ግን ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም።